ውስጥ ለውስጥ ኢሜይል ይሄዳል፣ ወደ ውጭ ግን በላኪ አድሬስ ምክንያት አይወጣም (ፖስትፊክስ፣ ጅማ)

የሂርማታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን ዝርዝሩን ካልነገርኳችሁ መልሳችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ልጨርሰው።

ያለሁት ጅማ ነው፣ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ፣ አይቲ የሚባለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ ዞር ብዬ የምጠይቀው ሰው ቢሮ ውስጥ የለም። ቢሯችን ያለበት አካባቢ መስመር አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይጠፋል መብራት ሲሄድ ደግሞ አብሮ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ሂሳብ ከግዢ፣ ግዢ ከመጋዘን፣ መጋዘን ከጥራት ክፍል ጋር መጻጻፍ እንዲችሉ ብዬ አንድ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ፖስትፊክስና (ሜይል የሚልከውና የሚቀበለው) ዶቭኮት (ሜይሉን ለሰራተኛው የሚያስነብበው) ጭኜ ዩፒኤስ ላይ አስቀመጥኩት። ሰራተኛው ሁሉ ተንደርበርድ (ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የኢሜይል ፕሮግራም) ነው የሚጠቀመው። የውስጡን ዶሜይን ድርጅት.ሎካል ብዬዋለሁ (ትክክለኛ ስማችንን እዚህ መጻፍ ስላልፈለኩ ነው ድርጅት የምለው)፣ ስለዚ ሂሳብ ክፍል ሂሳብ@ድርጅት.ሎካል ነው፣ ግዢ ደግሞ ግዢ@ድርጅት.ሎካል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ውስጥ ለውስጥ ዓመት ሊሞላው ነው አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

እውነተኛ ዶሜይንም አለን፣ ድርጅት.ኢቲ፣ እሱን አዲስ አበባ ያለ ሆስቲንግ ነው የያዘልን፣ አዲስ አበባ ቢሮ ያሉት ሰዎች ቀጥታ እዛ ገብተው ነው የሚያነቡት። የኛዎቹ የጅማዎቹ ወደ ውጭ ሲጽፉ እስከዛሬ በብሮውዘር ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ሁለት ቦታ መግባት ሰለቸን ሁሉም በተንደርበርድ ይሁንልን አለኝ፣ ልክ ነው፣ ስለዚ የሚመጣውን ፌችሜይል በየ5 ደቂቃው ከሆስቲንጉ እንዲያመጣ አደረኩ፣ የሚወጣውን ደግሞ ፖስትፊክሱ በሆስቲንጉ ሰርቨር በኩል በፖርት 587 እንዲልክ ሪሌይሆስት አስገባሁ፣ የኢንፎ@ድርጅት.ኢቲን ፓስወርድ ሰጠሁት፣ ሪስታርት አደረኩ።

ከዛ በኋላ ማንም ምንም አላለኝም። ተንደርበርዱ ልኬያለሁ ይላል፣ የተመለሰ ሜይል የለም፣ ሠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ውጭ ያለ ገዢያችን ደውሎ የናሙናው ወረቀት የታለ ሲል ነው ሜይልኪው ብዬ ወረፋውን ያየሁት፣ 41 ሜይል ተደርድሯል። ሁሉም ላይ ያለው ኤረር አንድ ነው፣ 450 4.1.8 ሴንደር አድሬስ ሪጀክትድ፣ ዶሜይን ኖት ፋውንድ ይላል፣ አድሬሱ ጋ ሂሳብ@ድርጅት.ሎካል ተጽፏል። ወቅቱን ታውቃላችሁ፣ ቡና እየገባ ነው፣ ከአጋሮ ከጌራ ከሊሙ መኪና ይደርሳል፣ እና ሰው ሌሊት ተቀምጦ ያዘጋጀው ወረቀት እኔ ሰርቨር ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር ማለት ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው፣ አንደኛ ለምን ሳይመለስ ዝም ብሎ ተቀመጠ? ሁለተኛ ውስጥ ለውስጥ እንዳለ ሆኖ ወደ ውጭ የሚወጣው ብቻ በድርጅት.ኢቲ እንዲወጣ እንዴት ነው የማደርገው? ወረፋ ላይ ያለውን በብሮውዘር አንድ በአንድ በእጄ እየላኩ ነው አሁን።


ኬብል_ጎታች፦

ሰላም እህት እኔም እዚሁ አጂፕ አካባቢ ነኝ። ሰርቨሩን ለምን ትነኪያለሽ ተንደርበርድ ላይ አካውንት ሴቲንግ ግቢና ኢሜይል አድሬስ የሚለውን ከሎካል ወደ ኢቲ ቀይሪው፣ ሎግኢኑ እንዳለ ይቆይ አድሬሱን ብቻ፣ ያልቃል። 10 ኮምፒውተር ካለሽ ግማሽ ሰዓት ነው።


የሂርማታዋ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ መጻፍ ረስቼ ነው። የሂሳብ ኮምፒውተር ላይ ቀየርኩትና ዶሜይን ኖት ፋውንድ የሚለው ጠፋ፣ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሂሳብ ለመጋዘን ስትጽፍለት ላኪው ሂሳብ@ድርጅት.ኢቲ ሆኖ ይደርሰዋል፣ መጋዘን ሪፕላይ ሲል መልሱ ወደ ኢቲ ነው የሚሄደው፣ ማለትም እዚሁ ቢሮ ከአንዱ ክፍል ወደ ጎን ክፍል የሚሄድ መልስ ወጥቶ አዲስ አበባ ደርሶ በፌችሜይል ተመልሶ ይመጣል፣ 350 ኪሎሜትር ምናምን። መስመር ሲጠፋ ደግሞ እዛው ይቀራል። ሰርቨሩን የተከልኩት መስመር ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ብዬ ስለሆነ ይሄ አይሆንልኝም። ስካነሩና የባክአፕ ሪፖርቱ ደግሞ በተንደርበርድ አይደለም የሚልኩት።


አባ_ሊነክስ፦

እህቴ ጥያቄሽን በደንብ ነው ያስቀመጥሽው፣ እንደዚህ ሲጻፍ ለመመለስም ደስ ይላል።

መጀመሪያ ለምን አልተመለሰም ላልሽው። በ4 የሚጀምር ኮድ አሁን አልቀበልም ቆይተህ ሞክር ማለት ነው፣ በ5 የሚጀምረው ነው አልቀበልም በቃ የሚለው። የሆስቲንጉ ሰርቨር 450 ስላለሽ ፖስትፊክስ ታዞ እየጠበቀ እየደጋገመ ይሞክራል፣ ካልነገርሽው በስተቀር እስከ 5 ቀን ወረፋ ላይ ያቆየዋል፣ ለላኪው ደግሞ ዘግይቷል ብሎ እንዲናገር ካልተደረገ አይናገርም። ሜይን.ሲኤፍ (የፖስትፊክስ ዋናው የሴቲንግ ፋይል) ላይ ዲሌይ_ዋርኒንግ_ታይም የሚለው ዜሮ ነው ሲጫን፣ 4 ሰዓት አድርጊው፣ ከዛ በኋላ ሜይሉ 4 ሰዓት ከቆየ የጻፈው ሰው ራሱ እስካሁን አልደረሰም የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ይሄን ዛሬውኑ አድርጊው፣ ሌላው ሁሉ ቢቆይ እንኳ። (የሴቲንጉን ስም በአማርኛ ነው የምጽፈው ስልክ ላይ ስለሆንኩ፣ ፋይሉ ላይ ስትጽፊ ያው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እኔ ከታች ሰረዝ ያደረኩበት ላይ ከታች ሰረዝ አድርጊ።)

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የሚባለው፣ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ደግሞ በመዝገብ ስሙ ነው። ማንም ሰው ቤት ውስጥ ማሙሽ መባሉ ይቅር አይልም፣ የመዝገብ ስሙም ቤት ውስጥ አያስፈልግም፣ ስሙ የሚለወጠው ከበር ሲወጣ ነው። ድርጅት.ሎካል የቤት ስም ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ዲኤንኤስን (የዶሜይን ስሞች መዝገብን) ቢጠይቅ እንደዛ የሚባል ዶሜይን የለም፣ ስለዚ ከማይታወቅ ሰው ሜይል አልቀበልም አለሽ፣ ልክ ነው ማለቱ። አንቺ የሚያስፈልግሽ በር ላይ ስም የሚቀይር ነገር ነው። ፖስትፊክስ ውስጥ እሱ ኤስኤምቲፒ_ጄነሪክ_ማፕስ ይባላል፣ ከ2.2 ጀምሮ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ፣ ለዚህ ለአንቺ ችግር ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ለይ፣ ኢሜይል ላይ የላኪ አድሬስ ያለው ሁለት ቦታ ነው። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትልኪ ፖስታው ጀርባ ላይ ላኪ ትጽፊያለሽ፣ ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ ራስጌው ላይ የድርጅቱ ስምና ፖ.ሣ.ቁ. ታትሞበታል። ኢሜይልም እንደዛው ነው፣ ሰርቨር ለሰርቨር ሜይል ፍሮም ብሎ የሚነግረው የፖስታው ላኪ ነው፣ ያልደረሰ ሜይልም የሚመለሰው ወደሱ ነው፣ ተቀባዩ ጋ ሪተርን ፓዝ ሆኖ ይጻፋል። ተቀባዩ ስክሪን ላይ ፍሮም ብሎ የሚያየው ደግሞ የወረቀቱ ራስጌ ነው። 450 ያለሽ በፖስታው ላኪ ነው። ብዙ ሰው አንዱን ቀይሮ ሌላውን ይረሳና ግራ ይጋባል፣ ጄነሪክ ሁለቱንም ይቀይራል።

አሠራሩ፣ ኢቲሲ ውስጥ ፖስትፊክስ ፎልደር ስር ጄነሪክ የሚባል ፋይል ክፈቺ፣ በየመስመሩ ከግራ የቤት ስም ከቀኝ የውጭ ስም፦

ሂሳብ@ድርጅት.ሎካል ሂሳብ@ድርጅት.ኢቲ
ግዢ@ድርጅት.ሎካል ግዢ@ድርጅት.ኢቲ
ጥራት@ድርጅት.ሎካል ጥራት@ድርጅት.ኢቲ
@ድርጅት.ሎካል ኢንፎ@ድርጅት.ኢቲ
@ሰርቨር.ድርጅት.ሎካል ኢንፎ@ድርጅት.ኢቲ

በ@ የሚጀምሩት ስሙ ላልተጻፈ ለማንኛውም ናቸው፣ ስካነርሽም ክሮን (በሰዓቱ ራሱ ሥራ የሚያስነሳው) የሚልከውም በነሱ ይያዛል፣ ስም በስም የተጻፈው ካለ ሁሌ እሱ ይቀድማል። የመጨረሻውን መስመር እንዳትንቂው፣ ሰርቨሩ ራሱ በሩት (በአስተዳዳሪው ዩዘር) ስም ሲልክ ማይኦሪጂን በሚባለው ሴቲንግ ላይ ባለው ስም ነው የሚልከው፣ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢቲሲ ስር ሜይልኔም የሚል ፋይል ውስጥ ነው ያለው፣ እዛ ሙሉ የማሽኑ ስም ካለ @ድርጅት.ሎካል የሚለው መስመር አይመለከተውም።

ከዛ ፖስትማፕ ጄነሪክ በይ (ፋይሉን ፖስትፊክስ ወደሚያነበው ሰንጠረዥ የሚቀይረው ትእዛዝ ነው)፣ ሜይን.ሲኤፍ ላይ ኤስኤምቲፒ_ጄነሪክ_ማፕስ = ሃሽ፡/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ጄነሪክ ብለሽ ጨምሪ፣ ፖስትፊክስ ሪሎድ። ፋይሉን ባስተካከልሽ ቁጥር ፖስትማፕ መድገም አለብሽ፣ እኔ ይሄን ረስቼ አንድ ሙሉ ከሰዓት አሳልፌ አውቃለሁ። ከመላክሽ በፊት ፖስትማፕ በኪው ሂሳብ@ድርጅት.ሎካልን ጠይቂው፣ የኢቲውን ካወጣልሽ ሰንጠረዡ ደህና ነው።

ወረፋ ላይ ያለውን አትሰርዢው። ጄነሪክ የሚሠራው ሜይሉ ከበር ሲወጣ ስለሆነ የተደረደረውም በሚቀጥለው ሙከራ በአዲሱ ስም ነው የሚወጣው፣ ፖስትኪው በኤፍ ብለሽ ብትገፊው ይበቃል። በእጅሽ የላክሽውን ግን አጥፊው አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይደርሳቸዋል።

ደግሞ ሎጉ ላይ ፍሮም የሚለው አሁንም ሂሳብ@ድርጅት.ሎካል ብሎ ነው የሚጽፈው፣ አልሠራም ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ሎግ የሚያደርገው ስሙ ከመቀየሩ በፊት ያለውን ነው። እውነቱን የምታይው ተቀባዩ ጋ ነው፣ ለራስሽ ጂሜይል ላኪና ሾው ኦሪጂናል በይ፣ ሪተርን ፓዝና ፍሮም ሁለቱም ኢቲ መሆን አለባቸው።


ኬብል_ጎታች፦

ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ እኔ አንድ ክሊኒክ ስተክል ሴንደር_ካኖኒካል_ማፕስ ነው የተጠቀምኩት እና ይሠራል እስካሁን፣ ልዩነታቸው ምንድነው?


አባ_ሊነክስ፦

ካኖኒካል ስሙን የሚቀይረው በር ላይ አይደለም ሜይሉ ሰርቨሩ ውስጥ ሲገባ ነው፣ ስለዚ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውንም ይቀይረዋል፣ ተንደርበርዱን ከቀየረችው ጋር ያው ነው ውጤቱ። ክሊኒኩ ውስጥ ለውስጥ ካልተጻጻፉ ወይም መስመሩ ካልጠፋባቸው ችግሩ አይታይህም። የእህታችን ጉዳይ ላይ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። ሌላም አለ፣ ሂሳብ ለውጭ ገዢ ስትጽፍ ጥራትን ሲሲ ብታደርገው በጄነሪክ ወደ ውጭ የሚሄደው ኮፒ ላይ የጥራት አድሬስም ወደ ኢቲ ይቀየራል፣ ገዢው ሪፕላይ ቱ ኦል ቢል ለሁለቱም ይደርሳል፣ ጥራት ጋ የሚደርሰው ኮፒ ላይ ግን ሁሉም በቤት ስማቸው ናቸው። ሴንደር_ካኖኒካል የላኪን ብቻ ነው የሚነካው፣ ሲሲ ላይ ያለው ሎካል እንዳለ ይወጣና ገዢው የማይሠራ አድሬስ ይደርሰዋል።


መቱ_ላይ_ያለሁ፦

ፖስትፊክስ ሳይሆን ኤግዚም (ሌላው የሜይል ሰርቨር) ላላችሁ፣ ዴቢያን ላይ ኢቲሲ ስር ኢሜይል ሰረዝ አድሬስስ የሚባል ፋይል አለ የተጠቃሚውን ስም ሁለት ነጥብ ከዛ የውጭ አድሬሱን መጻፍ ነው፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ይቀይራል። እኔ እሱን ነው የተጠቀምኩት ሌላ ነገር አልፈለገም።


የሂርማታዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ያልከውን ሁሉ አደረኩ፣ ፖስትማፕ በኪው ሲጠየቅ ትክክለኛውን ያወጣል፣ ዶሜይን ኖት ፋውንድ ጠፍቷል። ግን አሁን ደግሞ ሌላ መጣ፣ 553 5.7.1 ሴንደር አድሬስ ሪጀክትድ፣ ኖት ኦውንድ ባይ ዩዘር ኢንፎ@ድርጅት.ኢቲ። ይሄ ደግሞ ወዲያው ነው የሚመለሰው፣ 5 ስለሆነ መሆኑ ገባኝ። የስካነሩ ሜይል ብቻ ሄደ፣ የሂሳብ የግዢ የጥራት ሁሉም ተመለሰ። ሆስቲንጉ ጋ ደውዬ ነበር ማብራሪያ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም።


ኮቺ_ነኝ፦

እህት አይዞሽ በጣም ቀርበሻል። ኤረሩ ራሱ እየነገረሽ ነው፣ የገባሽው በኢንፎ ፓስወርድ ነው የላክሽው ግን በሂሳብ ስም ነው፣ ሂሳብ ያንተ አይደለም አለሽ። ስካነሩ የሄደው ጄነሪኩ ወደ ኢንፎ ስለቀየረው ነው፣ ገቢውና ላኪው አንድ ሆነ። ብዙ ሆስቲንግ እንዲህ ነው የሚያደርገው ጥሩም ነው፣ ባይሆን አንድ ፓስወርድ የሰረቀ ሰው በሥራ አስኪያጁ ስም ለገዢ የባንክ ቁጥር ቀይረናል ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ ቡና ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይሄ ከባድ ነው።

መፍትሄው እያንዳንዱ በራሱ ፓስወርድ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሜይን.ሲኤፍ ላይ ኤስኤምቲፒ_ሴንደር_ዲፔንደንት_ኦተንቲኬሽን = የስ ጨምሪ። ከዛ ፓስወርዱን የጻፍሽበት የሳስል ፋይል ላይ ከኢንፎው መስመር በላይ ለየሰዉ አንድ አንድ መስመር፦

ሂሳብ@ድርጅት.ሎካል ሂሳብ@ድርጅት.ኢቲ፡ፓስወርዱ
ግዢ@ድርጅት.ሎካል ግዢ@ድርጅት.ኢቲ፡ፓስወርዱ

እዚህ ጋ ልብ በይ፣ ከግራ የሚጻፈው የቤት ስሙ ነው ሎካሉ፣ ኢቲው አይደለም። ፖስትፊክስ ፓስወርዱን የሚፈልገው ስሙ ከመቀየሩ በፊት ባለው ላኪ ነው። እኔ ኢቲውን ከግራ ጽፌ ሁለት ቀን ለምን አሁንም በኢንፎ ይገባል እያልኩ ስፈልግ ነበር፣ የትም ቦታ ተጽፎ አላገኘሁትም፣ ለዛ ነው እንደዚህ ረዘም አድርጌ የምነግርሽ። የኢንፎው መስመር ከስር ይቆይ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሁሉ በሱ ይሄዳል። ፖስትማፕ፣ ሪሎድ፣ ፋይሉንና የሚወጣውን ዲቢ ፋይል ቻሞድ 600 አድርጊ (ባለቤቱ ብቻ እንዲከፍተው) ፓስወርድ ስላለበት።


የሂርማታዋ፦

ሄደ!! አልሃምዱሊላህ። የሂሳብም የግዢም የጥራትም ሄደ፣ ጂሜይሌ ላይ ሾው ኦሪጂናል አልኩ ሁለቱም ኢቲ ነው። ያ ከግራ ሎካል የሚለውን ባትነግረኝ ኢቲ ነበር የምጽፈው እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛ ከዚህ ለአዲስ አበባ ቢሯችን ሲጻፍ ወዲያው 550 5.1.1 ዩዘር አንኖውን ኢን ሎካል ሪሲፒየንት ቴብል ብሎ ይመለሳል፣ ለውጭ ገዢ ይሄዳል ለራሳችን ሰው አይሄድም። ሁለተኛ አንድ ገዢ ሜይላችሁ ስፓም ውስጥ ነው ያገኘሁት አለ። ስፓም ያለውን ለማስተካከል ብዬ ኤስፒኤፍ (በዶሜይናችን ስም የትኛው ሰርቨር መላክ እንደሚችል የሚናገረው) ሁለተኛ መስመር ጨምሬ ነበር ዲኤንኤሱ ላይ፣ ኦፕንዲኪምም (የሚወጣው ሜይል ላይ ዲኪም የሚባለውን ፊርማ የሚያደርገው) ሰርቨሩ ላይ ልጭን ነው፣ ልክ ነኝ?


ኮቺ_ነኝ፦

የጨመርሽውን ኤስፒኤፍ ቶሎ አጥፊው። አንድ ዶሜይን አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ብቻ ነው የሚኖረው፣ ሁለት ካለ ተቀባዩ የትኛውን እንደሚያምን ስለማያውቅ ፐርምኤረር ብሎ ሁለቱንም ይተዋል፣ ማለትም ካለመኖሩ አይሻልም። የሚጨመር ካለ ያለው መስመር ውስጥ ነው የሚገባው። ደግሞ የቢሮሽ አይፒ እዛ መግባት አያስፈልገውም፣ ለዓለም የሚልክልሽ ሆስቲንጉ ስለሆነ የሱ ሰርቨር ካለበት በቂ ነው።

ኦፕንዲኪም እዛ ጅማ ሰርቨር ላይ አትጫኚ። ፊርማው የሚደረገው ሜይሉ ሲገባ ነው፣ ጄነሪክ ስሙን የሚቀይረው ከዛ በኋላ ሲወጣ ነው፣ ደብዳቤ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ራስጌው ተቀይሮ ማለት ነው፣ ተቀባዩ ፊርማው አይገጥምም ይላል። ዲኪሙን ሆስቲንጉ ላይ ነው የምታበሪው፣ ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ ይኖራል፣ ከሌለ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከላኪው ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይ ዲኪም ይፈልጋል፣ በቀን 5000 እና ከዛ በላይ ለሚልኩት ሁለቱንም ከዲማርክ (ሜይሉ በነሱ ካላለፈ ተቀባዩ ምን እንደሚያደርግ የሚናገረው መስመር) ጋር። እናንተ ያን ያህል አትልኩም ግን ሁለቱም ቢኖሩሽ ጥሩ ነው።


አባ_ሊነክስ፦

የአዲስ አበባው፣ ፖስትኮንፍ ማይዴስቲኔሽን በይና (ሰርቨሩ የራሴ ናቸው የሚላቸውን ዶሜይኖች ያሳይሻል) እይ፣ እርግጠኛ ነኝ ድርጅት.ኢቲ እዛ ውስጥ አለ። እዛ ውስጥ ካለ ጅማ ያለው ሰርቨር የዚህ ዶሜይን ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፣ የአዲስ አበባውን ሰው እሱ ጋ ሲያጣው የለም ይላል፣ ሆስቲንጉን አይጠይቅም እንኳ። አውጪው፣ ድርጅት.ሎካል፣ የማሽኑ ስምና ሎካልሆስት ብቻ ይቅሩ።

ግን ስታወጪው አንድ ነገር ይከተላል፣ ሰራተኞቹ አድሬስ ቡካቸው ላይ የጎረቤት ክፍሉን በኢቲ አድሬስ ያስቀመጡ ይኖራሉ፣ ያ ሜይል አሁን አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ለሱ ቨርቹዋል_አሊያስ_ማፕስ ተጠቀሚ፣ የጄነሪኩ ተቃራኒ ነው፣ ከግራ ሂሳብ@ድርጅት.ኢቲ ከቀኝ ሂሳብ@ድርጅት.ሎካል፣ የጅማ ሰዎችን ብቻ በስም በስም። ዶሜይኑን በሙሉ በ@ እንዳትጽፊ፣ የአዲስ አበባዎቹን እንደገና ትዘጊያቸዋለሽ። እንዲህ ሲሆን ጅማ ውስጥ ያለ ሰው በየትኛውም ስም ቢጠራ ሜይሉ ከቢሮ አይወጣም፣ መስመር ቢጠፋም ይደርሳል፣ የአዲስ አበባው ደግሞ ስሙ ሰንጠረዡ ላይ ስለሌለ መንገዱን ይዞ ይወጣል።

ጊዜ ስታገኚ ነጥብ ሎካል የሚለውንም ቀይሪው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሎካል ለመልቲካስት ዲኤንኤስ የተተወ ነው፣ ማክና ፕሪንተሮች ስም የሚፈላለጉበት፣ እና አንዳንድ ኮምፒውተር ሰርቨሩን አንዴ ያገኘዋል አንዴ ያጣዋል። ከራሳችሁ ዶሜይን ስር ጅማ.ድርጅት.ኢቲ ማለት ይቻላል፣ ወይም ነጥብ ኢንተርናል፣ እሱን አይካን (የዓለም የዶሜይን ስሞችን የሚያስተዳድረው) እ.ኤ.አ. በ2024 ለውስጥ ኔትዎርክ ብቻ ብሎ ለይቶታል። አሁን ምርት እየገባ ግን እንዳትነኪው፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ ቅዳሜ ከሰዓት ይደረጋል።


የሂርማታዋ፦

ማይዴስቲኔሽን ላይ ነበረ፣ እኔው ነኝ ሰሞኑን ይሄን ስነካካ የጨመርኩት ለምን እንደሆነ አላስታውስም። አወጣሁት፣ ቨርቹዋሉን 9 ሰው በስም ጻፍኩ። ከዛ ለማየት ብዬ ራውተሩን ነቅዬ ሂሳብ ለመጋዘን በኢቲ አድሬስ እንድትጽፍለት አደረኩ፣ ደረሰ፣ መጋዘን ሪፕላይ አለ፣ ደረሰ። ለአዲስ አበባ የጻፍነው ወረፋ ላይ ጠበቀ፣ ራውተሩን መልሼ ስሰካው ሄደ።

አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ቀርቷል፣ ሆስቲንጉ ዛሬ አንስተው ዲኪሙን አብርተውልኛል፣ ሾው ኦሪጂናል ላይ ኤስፒኤፍ ፓስ ዲኪም ፓስ ይላል። ዲሌይ ዋርኒንጉን 4 ሰዓት አድርጌዋለሁ፣ ለሰራተኛው ሁሉ ደግሞ እንግሊዝኛ ሜይል አልደረሰም የሚል ቢመጣባችሁ እንዳታጠፉት ለኔ ንገሩኝ ብዬ አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ።

ያ ገዢ ትላንት ማታ ወረቀቱ ደርሶኛል ብሎ መልሷል፣ ሪፕላይ ቱ ኦል ብሎ ስለላከው ለጥራት ክፍልም ደርሷል። ኮቺ_ነኝ፣ ሰፈራችን ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ የዶሜይኑን ስም ስቀይር ጊዜ ካለህ ብትመጣልኝ ደስ ይለኛል፣ ቡናው ከኔ ነው።


ኮቺ_ነኝ፦

እመጣለሁ። ከዛ በፊት ኢቲሲ ስር ያለውን የፖስትፊክስ ፎልደር በሙሉ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጊ፣ የዶቭኮቱንም።